የማስነሻ ዲስክ ታሪክ፦ ከፍሎፒ እስከ ውጫዊ ኤስኤስዲ

አንድ ኮምፒዩተር መክፈቻው በተጫነበት ቅጽበት ምንም አያውቅም። ዊንዶውስ ይኑረው ሊኑክስ፣ የተማሪ ፋይል ይኑርበት አይኑርበት፣ አማርኛ ይጻፍበት አይጻፍበት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የሚነግረውን ዲስክ መፈለግ ነው። ይሄ ዲስክ የማስነሻ ዲስክ ይባላል።

ነገሩን ለተማሪ ለማስረዳት የአገር ቤቱ ምድጃ ይበቃል። ሌሊት እሳት ከጠፋ ጠዋት ከጎረቤት ፍም ይጫራል። ምድጃው አለ፣ እንጨቱም አለ፤ የጎደለው ፍሙ ብቻ ነው። በኮምፒዩተርም ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ምድጃና እንጨት ቢሆኑ ፍሙ ያለው በማስነሻ ዲስኩ ላይ ነው። የቤቱ ፍም ከጠፋ ደግሞ ከውጭ አምጥቶ ማቀጣጠል ይቻላል።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለእኛ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ወደ ካምፕ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ኮምፒዩተሮች በብዛት ሌላ ቦታ ያገለገሉ ናቸው። አንዱ ለመነሳት አሥር ደቂቃ ሲፈጅ ወይም ጭራሽ አልነሳም ሲል «ሞቷል» ይባልና ጥግ ይቆለላል። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። ታዲያ ባለችን ትንሽ ገንዘብ አንድ አዲስ ኮምፒዩተር እንግዛ ወይስ ለተቆለሉት የሚሆኑ ውጫዊ ኤስኤስዲዎች? ይህ ጥያቄ ሲፈታ፣ ስንት ተማሪ ማሽን ፊት ይቀመጣል የሚል ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱን ከዲስኩ ታሪክ እንመልከት።

በጣት የሚነሳ ኮምፒዩተር

እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ 305 ራማክ የተባለውን ማሽን አስተዋወቀ። የዲስክ ክፍሉ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት ትልቅ ቁም ሳጥን ነበር። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ያንኑ ያህል ቦታ ይወስዳል። ይሁን እንጂ የሃርድ ዲስክ ዘመን የተጀመረው በዚህ ማሽን ነው።

ተራው ሰው ግን ዲስክ ለማግኘት ገና ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1975 ለሽያጭ የቀረበው አልቴር 8800 የተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ሲገዛ ኪቦርድም ስክሪንም አልነበረውም። ባለቤቱ ከፊት ለፊቱ የተደረደሩትን ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ 1 እና 0 በመቁጠር አንዲት አጭር ፕሮግራም በጣቱ ያስገባል። ያቺ አጭር ፕሮግራም ደግሞ ረጅሙን ፕሮግራም ከወረቀት ቴፕ ወይም ከካሴት ታነባለች። መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል ማለት ነው።

ዛሬ «ቡት ማድረግ» የምንለው ቃል የመጣውም ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ቃሉ መነሻው ጫማ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በገዛ ጫማው ማንገቻ ራሱን ጎትቶ ስለሚያነሳ ሰው የሚናገሩት ነገር አላቸው። ትንሿ ፕሮግራም ትልቁን ስታነሳ፣ ትልቁ ደግሞ መላውን ማሽን ሲያነሳ ያንን ስለመሰላቸው ስሙን ወሰዱት። የቴክኖሎጂው መልክ ቢለዋወጥም ይሄ ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ዲስኩ በባለቤቱ ኪስ የነበረበት ዘመን

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ለገበያ አቀረበ። በ1976 ሹጋርት የተባለ ኩባንያ ወደ 5.25 ኢንች አሳነሰው። ነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ፒሲ ሲወጣ የማስነሻ ዲስኩ ይኸው ፍሎፒ ሆነ፤ የሚይዘውም 160 ኪሎባይት ብቻ ነበር።

የዚያ ኮምፒዩተር አነሳስ ዛሬም ድረስ ያለውን ሥርዓት ስለመሠረተ ጠጋ ብለን እንየው። በማዘርቦርዱ ላይ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ተቀርጾበታል። መክፈቻው ሲጫን ባዮስ መጀመሪያ ሜሞሪውንና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ከዚያ ወደ ፍሎፒው ሄዶ የመጀመሪያዋን 512 ባይት ያነባል። በእሷ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ደግሞ ዶስን ያስገባል። የአልቴር ባለቤት በጣቱ ይሠራ የነበረውን ባዮስ ተካው ማለት ነው።

ያኔ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። የፍሎፒዎቹ መክተቻዎች ኤ እና ቢ ተባሉ። በ1983 አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ የቀረው ፊደል ሲ ነበር። ዛሬ ፍሎፒ አይቶ የማያውቅ ተማሪም ዊንዶውስ ከፍቶ «ሲ ድራይቭ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር 1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ማኪንቶሽም የሚነሳው ከፍሎፒ ነበር፤ የዲስኩ መጠን 400 ኪሎባይት ነው። ማስነሻ ዲስክ ካላገኘ በስክሪኑ ላይ የዲስክ ሥዕል ከጥያቄ ምልክት ጋር ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ወዲህ በመጡ ብዙ ማኮች ላይም የጥያቄ ምልክቱ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1986 የወጣው ማኪንቶሽ ፕላስ ስካዚ የሚባል ፈጣን መሰኪያ ይዞ መጣ። በዚህም ሃርድ ዲስክን በውጭ ሰክቶ ከእሱ ላይ ማስነሳት ተቻለ። እንግዲህ ኮምፒዩተርን በውጫዊ ዲስክ ማስነሳት ትናንት የተፈጠረ ዘዴ ሳይሆን ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ልምድ ነው።

ከዚህ ዘመን አንድ ነገር ልብ እንበል። የፍሎፒ ተጠቃሚ ሥርዓቱንም ሥራውንም በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ የማንም ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስክ ወደ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ በብሎን ከታሰረ በኋላ ግን ዲስኩና ማሽኑ አንድ ነገር መሰሉን። ዲስኩ ሲበላሽ «ኮምፒዩተሩ ሞተ» ማለትም ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው።

በሲዲና በፍላሽ ተመልሶ መውጣት

ጥር 1995 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ የተባለው የባዮስ አምራችና አይቢኤም ኮምፒዩተር ከሲዲ የሚነሳበትን ስምምነት አወጡ። በ2000 ጀርመናዊው ክላውስ ኖፐር ኖፒክስ የተባለውን ሊኑክስ አዘጋጀ፤ ሲዲው ሲከተት ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ማሽኑ በሊኑክስ ይነሳል። በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረው ኡቡንቱ ወጣ። ኩባንያው ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው ሰዎች እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር።

ሲዲ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ተማሪው የሠራውን ሳያስቀምጥ ከዘጋ ሁሉም ይጠፋል፤ ፍጥነቱም ያስለቅሳል። በ2000 መጨረሻ ገበያ ላይ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ፍላሽ ዲስኮች 8 ሜጋባይት ያህል ይዘው መጡ፤ እያደጉ ሲሄዱ ማስነሻም ሆኑ። ሆኖም ፍላሽ ዲስክ የተሠራው ፋይል ከቦታ ቦታ ለማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ትናንሽ ነገር እያነበበና እየጻፈ ሥርዓተ ክወና እንዲሸከም ሲደረግ ይዘገያል፣ ይግላል፣ ቶሎም ይደክማል። ፍላሽ ዲስክ ለአንድ ቀን ማስነሻ፣ ለጥገናና ለመጫኛ ጥሩ ነው፤ ለዓመት ሥራ ግን አይሆንም።

ኤስኤስዲ ምን ለወጠ?

ፍላሽ ሜሞሪን የፈጠረው በጃፓኑ ቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት በ1984፣ ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ የሚገኘውን ናንድ የተባለውን ደግሞ በ1987 ለዓለም አሳወቀ። በ1991 ኋላ ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ለአይቢኤም አቀረበ፤ ዋጋው 1,000 ዶላር ያህል ነበር። አንዱ ሜጋባይት 50 ዶላር ማለት ነው! እስከ 2008 ገደማ ድረስም ለተራ ሰው የማይደፈር ዕቃ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው በፍጥነት ወረደ።

ፍጥነቱን በሂሳብ ብናየው ይሻላል። የሒሳብ መምህራን ለክፍል ልምምድ ሊያውሉት ይችላሉ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 5.5 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ክንዱ ወደ ቦታው እስኪሄድ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ስንጨምርበት ለአንድ ንባብ 15 ሚሊሰከንድ ግድም ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ለመነሳት 20,000 የተበታተኑ ትናንሽ ንባቦች አስፈለጉት እንበል። 20,000 ሲባዛ በ15 ሚሊሰከንድ 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከርም የሚሄድም ነገር የለውም፤ ለአንድ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ብንይዝለት ያው ሥራ በ2 ሰከንድ ያልቃል። የቀረው ጊዜ የፕሮሰሰሩ ይሆናል።

ስለዚህ ያረጀ ኮምፒዩተር ቀርፋፋ የሚሆነው ሁልጊዜ ፕሮሰሰሩ ስላረጀ አይደለም። ዲስኩን እየጠበቀ ነው።

በዚህ ላይ አንድ አዲስ ምክንያት ተጨምሯል። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እነዚህ ማሽኖች በሊኑክስ ገና ብዙ ዓመት ሊያስተምሩ ይችላሉ።

ስንመርጥ ምን እንይ?

አንደኛ፣ መሰኪያው። ዩኤስቢ 2.0 በ2000 የወጣ ሲሆን ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ኤስኤስዲ በዩኤስቢ 2.0 ላይ ሙሉ ጉልበቱን ባያሳይም ለትናንሽ ንባቦች ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ይልቅ ማሽኖቹ ዩኤስቢ 3.0 ብቻ ካላቸው በጣም ፈጣን የተባለውን ውድ ኤስኤስዲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ጠባቡ በር ነውና።

ሁለተኛ፣ ኃይል። ዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። የሚሽከረከር ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በደካማ መሰኪያ ላይ ይንተፋተፋል። ተራ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ በአብዛኛው ያነሰ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ መጠን። ኡቡንቱ ለመጫን የሚጠይቀው 25 ጊጋባይት ነው። 240 ወይም 250 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ለሥርዓቱም፣ ለመማሪያ መጻሕፍቱም፣ ለቪዲዮ ትምህርቱም ይበቃል።

አራተኛ፣ ዕድሜ። ኤስኤስዲ የሚጻፍበት መጠን ገደብ አለው። በአምራቹ 150 ቴራባይት የተባለለት ዲስክ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት 7,500 ቀን፣ ማለትም 20 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ በመጻፍ ብዛት ያልቃል ብለን አንስጋ።

አምስተኛ፣ ሐሰተኛ ዕቃ። 16 ቴራባይት ነው ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ውጫዊ ኤስኤስዲ ሲከፈት ውስጡ ተራ የሜሞሪ ካርድ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋይሎችን ሲገለብጡበት የተቀበለ ይመስላል፤ በኋላ ግን አይከፈቱም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ካልሆነም በመጀመሪያው ቀን፣ በሊኑክስ ላይ በሚገኘው ኤፍ3 በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ሣጥኑ። ከፋብሪካ ታሽጎ ከሚመጣው ይልቅ ተራ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ እና ለብቻው የሚሸጥ የዩኤስቢ ሣጥን መግዛቱ ለእኛ ይሻላል። ሣጥኑ ቢበላሽ ዲስኩ ይተርፋል። ማሽኑን መክፈት የሚችል ሰው ሲገኝ ደግሞ ያው ዲስክ ወደ ውስጥ ገብቶ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ ይታሰራል። እንዲያውም ማሽኑ የአንድ ክፍል ብቻ ከሆነና ለመክፈት ካላስቸገረ ከመጀመሪያውም ውስጥ ማሰሩ የተሻለ ነው። የውጩ መንገድ የሚያስፈልገው ማሽኑ የማይከፈት ሲሆን፣ የሌላ አካል ንብረት ሲሆን ወይም ፈረቃዎች ሲጋሩት ነው።

ሰባተኛ፣ ቁልፉ። ማሽኑ ከውጭ ዲስክ ለመነሳት ፈቃደኛ መሆኑ ዲስኩ ሳይገዛ መረጋገጥ አለበት። በብዙ ፒሲዎች ሲከፈት ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ሲጫን የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል፤ በኢንቴል ማኮች የኦፕሽን ቁልፍ ተጭኖ ይያዛል። ቀድሞ የነበረበት መሥሪያ ቤት በይለፍ ቃል ቆልፎት ከሆነ ግን እዚያው ላይ እንቀራለን። ከ2018 ጀምሮ በብዛት የመጡት ቲ2 ቺፕ ያላቸው ማኮች በፋብሪካ ቅንብራቸው ከውጭ መነሳትን ይከለክላሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የማሽኑ አስተዳዳሪ ነው። ከ2020 ወዲህ የአፕልን የራሱን ፕሮሰሰር የያዙት ደግሞ በውጫዊ ዲስክ ቢነሱም የውስጥ ማከማቻቸው ከሞተ አይነሱም፤ የመጀመሪያው እርምጃ የተጻፈው በውስጡ ነውና። በዊንዶውስ በኩልም ተራው መጫኛ በዩኤስቢ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል፤ ለዚህ ተብሎ በ2012 የመጣው ዊንዶውስ ቱ ጎም በ2020 ተነስቷል። ስለዚህ ለእኛ ቀላሉ መንገድ ሊኑክስ ነው። ሲጫን ግን የማስነሻው ክፍል ራሱ በውጫዊው ዲስክ ላይ መቀመጡ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ አይነሳም።

ከተገዛ በኋላ

የማስነሻ ዲስክ በሥራ መሐል ከተነቀለ ሥርዓቱ በሙሉ ይቆማል፤ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። አጭር ገመድ ይሻላል፤ ዲስኩንም በቬልክሮ ወይም በፕላስተር ከማሽኑ ጋር ማጣበቅ ምንም አይል። በሶላር የሚሠራ ክፍል ከሆነ ባትሪው ከመውረዱ በፊት ማሽኖቹን በሥርዓት መዝጋት የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

ሙቀትም አለ። ፍላሽ ሜሞሪ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ኃይል ሳያገኝ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይፈሳል። የኢንዱስትሪው መስፈርት ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ኃይል ለ1 ዓመት መረጃ እንዲይዝ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ ዲስኮቹን በቆርቆሮ ጣራ ሥር ለወራት መርሳት ጥሩ አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጡ፣ አልፎ አልፎም ይሰኩ።

ከሁሉም በላይ ግን ቅጂ ይኑር። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ቋ ቋ እያለ ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ትናንት ሲሠራ ቆይቶ ዛሬ ዝም ሊል ይችላል። ከተገዙት ዲስኮች አንዱ የሌሎቹ ግልባጭ ሆኖ በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጥ። የተማሪ ስምና ውጤት የያዘ ዲስክ ደግሞ በይለፍ ቃል ይመስጠር፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ከኪስም ይወድቃልና።

ውድ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ታሪኩ የሚነግረን ዲስኩና ማሽኑ ከመጀመሪያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድን ማሽን «ሞቷል» ብለን ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት ሦስት ነገር እንፈትሽ። ሲከፈት መብራትና ፋን ይሠራል? ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል? በማስነሻ ፍላሽ ሲሞከር ይነሳል? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ ያ ማሽን የሚያስፈልገው አንድ ዲስክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ተማሪዎችም አብረው ቢሠሩት የኮምፒዩተርን አነሳስ ከሰሌዳ ላይ ከሚገለበጥ ማስታወሻ ይልቅ በእጃቸው ይማሩታል። የግዥ ዝርዝራችንም ከግምት ሳይሆን ከዚያ ቀን መዝገብ ይነሳል።